ብሬኪንግ ባድ ኢንሳይደር ፖድካስት፦ ጠያቂዋ ኤዲተር ስትሆን ወሬው ሌላ ነው

ብሬኪንግ ባድን፣ ዋልተር የሚባል የኬሚስትሪ አስተማሪ ከቀድሞ ተማሪው ከጄሲ ጋር ሜት የሚባል አደንዛዥ ዕፅ ማብሰል የሚጀምርበትን የአሜሪካ ተከታታይ ፊልም፣ ገና ያላየ ሰው ካለ እዚህ ጋ ያቁምና አይቶት ይመለስ፣ ከዚህ በታች ማን ሞተ ማን ተረፈ የሚለውን ሁሉ እያነሳሁ ነው የማወራው። ሪቪው የማደርገው ግን ተከታታይ ፊልሙን አይደለም፣ ስለሱ ብዙ ተብሏል። የማወራው ስለ ፖድካስቱ ነው፣ ብሬኪንግ ባድ ኢንሳይደር ፖድካስት፣ እና ከሱ በኋላ ስለመጣው ቤተር ኮል ሶል ኢንሳይደር ፖድካስት (ቤተር ኮል ሶል የዋልተር ጠበቃ የሆነው የሶል ጉድማን የራሱ ተከታታይ ነው)። ሁለቱንም እንደ አንድ ቁጠሩልኝ፣ የቤቱ ሰዎች ያው ናቸው።

ምንድነው ላላችሁ፣ ተከታታዩን የሰሩት ሰዎች ራሳቸው ማይክ ፊት ቁጭ ብለው እያንዳንዱን ክፍል እንዴት እንደሰሩት የሚያወሩበት ነው። በፈረንጆቹ 2009 ከ2ኛው ሲዝን ጋር ነው የተጀመረው፣ ያኔ ፖድካስት የሚባለውን ነገር የሚያውቅ ሰው እንዲህ አልበዛም ነበር። ለአንድ ክፍል አንድ ፖድካስት አለው። ቪንስ ጊሊጋን፣ ማለትም ተከታታዩን የፈጠረው ሰውዬ፣ አብዛኛውን ጊዜ አለ፣ ከሱ ጋር ደግሞ አንዴ ጸሐፊው ይመጣል አንዴ ዳይሬክተሩ አንዴ ተዋናዮቹ አንዴ ሙዚቃ የሚሰራው አንዴ ካሜራውን የሚመራው፣ ብቻ ስማቸው መጨረሻ ላይ በፍጥነት የሚያልፍ ሰዎች ሁሉ ተራ ይደርሳቸዋል።

አሁን ዋናው ነገር። ይሄን ፖድካስት የምትመራው ኬሊ ዲክሰን ናት፣ እሷ ደግሞ ጋዜጠኛም ኮሜዲያንም አይደለችም፣ የተከታታዩ ኤዲተር ናት። ለኔ ሁሉም ነገር የሚለየው እዚህ ጋ ነው። ሌላ ቦታ አንድ ተዋናይ ሲጠየቅ የምንሰማውን ታውቁታላችሁ፣ ገጸ ባህሪው ካንተ ጋር ይመሳሰላል ወይ፣ ከእከሊት ጋር ስትሰሩ ምን ተሰማህ፣ ለአድናቂዎችህ ምን መልእክት አለህ፣ ተዋናዩም የለመደውን ይመልሳል፣ እንደ ቤተሰብ ነበርን፣ ብዙ ተምሬበታለሁ፣ ሁሉንም አመሰግናለሁ፣ አለቀ። ኬሊ ግን ጥሬውን ቀረጻ አንድ በአንድ ያየች ሰው ናት። ተዋናዩ ያንኑ ትዕይንት ደጋግሞ ሲሰራ የቱ ጋ እንደተሳካለት ታውቃለች፣ ዳይሬክተሩ የቷን ሾት ሳያነሳ እንደቀረ ታውቃለች፣ ጸሐፊው የሚወዳትን መስመር ማን ቆርጦ እንደጣላት ታውቃለች፣ ብዙ ጊዜ የቆረጠችው ራሷ ስለሆነች። እንዲህ ያለ ሰው ሲጠይቅህ የተለመደውን መልስ ሰጥተህ ማለፍ አትችልም።

ይቺ ሴትዮ ደግሞ ቀላል ሰው እንዳትመስላችሁ። በ2013 ለኤዲቲንግ ኤሚ የሚባለውን ትልቁን የአሜሪካ ቲቪ ሽልማት የወሰደች ናት፣ የወሰደችበትም የ5ኛው ሲዝን አጋማሽ መዝጊያ ክፍል ነው፣ እስር ቤት ውስጥ ያሉት ሰዎች በተከታታይ የሚገደሉበት፣ ዋልተር ሰዓቱን እያየ መስኮቱ ጋ የሚቆምበት። ያንን ክፍል ያየ ሰው ቁርጡ ላይ ያለውን ምት ያስታውሰዋል።

እኔ ራሴ የምተዳደረው በኤዲቲንግ ነው፣ ሰርግ፣ ማስታወቂያ፣ አልፎ አልፎም አጭር ድራማ፣ ስለዚህ አድልዎ አለብኝ ብትሉ እውነት ነው። ግን ሙያችሁ ሌላ ቢሆንም የምትወዱት ይመስለኛል። ለምሳሌ አንድ የብሬኪንግ ባድ ክፍል ማስታወቂያው ሲወጣ ወደ 47 ደቂቃ አካባቢ ነው፣ ከዛ ካለፈ ቦታ የለውም። እና ስክሪፕቱ ረዝሞ ቀረጻው ደግሞ አምሮ ሲመጣ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ጥሩ የሆነ ነገር መጣል አለበት፣ መጥፎውን መጣልማ ማንም ይጥላል። ኤዲተሩ መጀመሪያ የራሱን ያዘጋጃል፣ ከዛ ዳይሬክተሩ ገብቶ የራሱን ይሰራል፣ አሜሪካ ውስጥ በዳይሬክተሮች ማህበር ደንብ ለ1 ሰዓት ድራማ 4 ቀን ነው ያለው፣ ከዛ ጸሐፊውና ፕሮዲውሰሮቹ ይመጣሉ፣ በመጨረሻ ጊሊጋን ራሱ ቁጭ ብሎ በፍሬም ይጨቃጨቃል። ፍሬም ማለት በ1 ሰከንድ ውስጥ 24 አሉ እኮ። ሰዎቹ አንድ ተዋናይ አይኑን የሚሰብርበት ቅጽበት ላይ እንቆይ ወይስ እንውጣ ብለው እንዲህ ሲወያዩ ስሰማ ደስታዬን መግለጽ አልችልም፣ እዚህ ሀገር ይሄን ወሬ የማወራው ሰው ስፈልግ ስንት ጊዜዬ ነው።

አንድ ነገር ከነሱ ወስጄ ስራዬ ላይ ቀይሬያለሁ፣ እሱን ብቻ ልንገራችሁ። ሁለት ሰው ሲነጋገር ሁልጊዜ ተናጋሪው ላይ መሆን የለብህም፣ የሚሰማው ሰው ፊት ላይ ነው ነገሩ ያለው። ሰርግ ላይ ሙሽራዋ የወላጆቿን ጉልበት ስትስም ካሜራው ሁሌ እሷ ላይ ነው፣ እኔም እሷ ላይ ነበር የማቆየው። አሁን አባትየው ላይ እቆያለሁ። እጁን ራሷ ላይ አድርጎ ምርቃቱን ሲጀምርና ድምፁ እምቢ ሲለው፣ ከንፈሩ እየተንቀሳቀሰ ምንም ሳይሰማ ሲቀር፣ እዛች ጋ ሙዚቃ አልጨምርም፣ አልቆርጥም፣ ዝም ብዬ እተወዋለሁ። ቤተሰብ ተሰብስቦ ሲያየው ሁሉም የሚያለቅሰው እዛ ጋ ነው።

ወደ ፖድካስቱ ልመለስ። ብዙ ሰው ብሬኪንግ ባድን ሲያደንቅ ሁሉም ነገር ከመጀመሪያው ታስቦበት ነው፣ እያንዳንዷ ነገር በፕላን ነው ይላል። እነዚህን ሰዎች የሰማ ግን የሚገባው ተቃራኒው ነው፣ እኔ ይሄን ፖድካስት ከምንም በላይ የምወደውም በዚህ ነው። ጄሲ ፒንክማን እኮ በ1ኛው ሲዝን መጨረሻ ሊሞት ነበር የታሰበው። ጄሲ! ብዙ ቦታ የምትሰሙት የጸሐፊዎች የስራ ማቆም አድማ ነው ያዳነው የሚል ነው፣ እርግጥ በ2007 መጨረሻ የጀመረው አድማ የመጀመሪያውን ሲዝን 7 ክፍል ላይ አስቁሞታል፣ ጊሊጋን ግን ሲናገር ጄሲን የሚጫወተውን አሮን ፖልን ገና 2ኛው ክፍል አካባቢ ሲያየው ይሄን ልጅ መግደል ትልቅ ስህተት እንደሚሆን እንደገባው ነው የሚለው። ማለት አንድ ተዋናይ በስራው ብቻ የተከታታዩን ሙሉ አቅጣጫ ቀይሯል ማለት ነው።

ጋስ ፍሪንግን ውሰዱት። ያ ሁሉ ሰው የሚያደንቀው የዶሮ ምግብ ቤት ያለው የዕፅ ነጋዴ የተፈጠረው ቱኮ የሚባለው ዕፅ አከፋፋይ ስለሄደ ነው። ቱኮን የሚጫወተው ሬይመንድ ክሩዝ ሌላ ተከታታይ ላይ ስራ ነበረው፣ ገጸ ባህሪውም ጉልበት የሚጨርስ ሆኖበት ነበር፣ ስለዚህ 2ኛው ሲዝን መጀመሪያ ላይ ሞተና ቦታው ክፍት ሆነ። ጸሐፊዎቹ ከሱ ጋር ፈጽሞ የማይገናኝ ሰው አመጡ፣ ጸጥ ያለ፣ ሰራተኞቹን በትህትና የሚያነጋግር፣ ጠረጴዛ የሚወለውል። ጋስን የሚጫወተው ጂያንካርሎ ኤስፖዚቶ ራሱ መጀመሪያ የመጣው በእንግድነት ለትንሽ ክፍል ነው። የሰውየውን እርጋታ ከየት እንዳመጣው ሲናገር ዮጋ እንደሚሰራና ትንፋሹን እንደሚያዘገይ ይናገራል፣ እሱን ካወቃችሁ በኋላ ጋስ ያለበትን ትዕይንት መልሳችሁ እዩት፣ በደንብ ይታያል፣ ሌላው ሰው ይጣደፋል እሱ ይተነፍሳል።

የሶል ቀኝ እጅ የሆነው ማይክስ? ማይክ የተወለደው ሶልን የሚጫወተው ቦብ ኦደንከርክ በ2ኛው ሲዝን መጨረሻ ላይ ሌላ ኮሜዲ ተከታታይ ላይ ቀጠሮ ስለነበረውና መምጣት ስላልቻለ ነው። ጄሲ ቤት ሄዶ የሞተችውን የፍቅረኛውን ነገር የሚያጸዳ ሰው አስፈለገ፣ ሶል ካልቻለ የሶል ሰው ይሂድ ተባለና ጆናታን ባንክስን ጠሩት። በቃ። አንድ የቀጠሮ ግጭት ነው፣ ከዛ ያ ሰው 2 ተከታታይ ተሸክሞ ኖረ።

ዋልተርን ሊገድሉ የመጡት የሜክሲኮ መንትዮች ደግሞ 3ኛውን ሲዝን በሙሉ እንዲቆዩ ነበር የታሰበው፣ ግን ታሪኩ ራሱ እየገፋ መጣና 7ኛው ክፍል ላይ ከዕፅ መርማሪው ከሀንክ ጋር ፓርኪንጉ ላይ ተጋጠሙ፣ ጸሐፊዎቹም እሺ ከዚህ በኋላስ ምን እናድርግ የሚል ጥያቄ ይዘው ቀሩ። ከሁሉ የሚገርመኝ ግን የመትረየሱ ነገር ነው። 5ኛው ሲዝን ሲጀምር ዋልተር የመኪና የኋላ ዕቃ መጫኛ ውስጥ ትልቅ መትረየስ ያያል አይደል፣ ያንን ሲጽፉ መትረየሱ ለምን እንደሚያገለግል አያውቁም ነበር! ጽፈው ቀርጸው አስተላልፈው፣ ከዛ በኋላ ቁጭ ብለው ይሄን መትረየስ ምን ላይ እናውለው ብለው ተጨነቁ። ጊሊጋን ይሄን ሲናገር ጭንቀቱን አይደብቅም። በርባንክ ካሊፎርኒያ ውስጥ አንድ ክፍል ውስጥ ተሰብስበው፣ ግድግዳው ላይ ካርድ እየለጠፉ፣ አንድ ክፍል ለመጨረስ ሳምንታት እየፈጀባቸው ነው እዛ የደረሱት። ዋልተር አሁን ምን ያስባል፣ አሁን የት ነው ያለው፣ ቀጥሎ ምን ያደርጋል፣ ይቺኑ ጥያቄ እየደጋገሙ ነው የሚሰሩት።

መጨረሻውን አስቀድመው ያቀዱበት ሲዝን አንድ አለ፣ እሱም 2ኛው ነው፣ የአውሮፕላኑ አደጋ። የ4 ክፍሎችን ርዕስ ብትገጣጥሙ 737 አውሮፕላን ታሪኩ የሚካሄድበት ከተማ አልበከርኪ ላይ እንደሚወድቅ ይነግራችኋል፣ ከመጀመሪያው አስበውበት ነው። ከዛ በኋላ ግን እንደዛ አድርገው አልሰሩም። ለሚጽፉ ልጆች ይሄን ልዩነት በጆሮ መስማት ብቻ ትልቅ ትምህርት ነው እላለሁ፣ ሁለቱም መንገድ እንደሚሰራ ታያላችሁ፣ የቱ እንደሚከብድም ከነሱው አፍ ትሰማላችሁ።

ገንዘብን በተመለከተ የሚያወሩት ደግሞ እዚህ ሀገር ፊልም የሚሰራ ሰው ቢሰማው ደስ የሚለው ነው። ታሪኩ መጀመሪያ ሲጻፍ ቦታው ካሊፎርኒያ ሪቨርሳይድ ነበር፣ ወደ ኒው ሜክሲኮ የሄዱት ግዛቷ ለፊልም ሰሪ 25 በመቶ ወጪ ስለምትመልስ ነው። ያ ሰማይ፣ ያ በረሃ፣ ዛሬ ያለሱ ብሬኪንግ ባድን ማሰብ የማንችለው ነገር፣ የመጣው ከሂሳብ ነው። ከ2ኛው ሲዝን ጀምሮ ካሜራውን የመራው ማይክል ስሎቪስ ያንን ሰማይ እንዴት እንደተጠቀመበት ታውቃላችሁ፣ ሰውየው ትንሽ ነጥብ ሆኖ ሰማዩ ፍሬሙን ሲሞላው። የዝንቧ ክፍል እንዲሁ፣ 3ኛው ሲዝን ላይ ዋልተርና ጄሲ ላቦራቶሪ ውስጥ ተዘግተው ዝንብ የሚያባርሩበት፣ በጀት አልቆ ሌላ ቦታ ሄዶ መቅረጽ ስላልተቻለ በ2 ሰው አንድ ክፍል ውስጥ እንጨርሰው ተብሎ የተሰራ ነው፣ ራያን ጆንሰን ዳይሬክት አደረገው። አንዳንድ ሰው ይሄን ክፍል አይወደውም፣ አሰልቺ ነው ይላል፣ እኔ ግን ዋልተር መሞት የነበረብኝ መቼ ነበር እያለ የሚቆጥርበትን ንግግር ከምርጦቹ ነው የምቆጥረው፣ እና ያ ንግግር የተወለደው ብር ስላልነበራቸው ነው።

የትወናው ወሬ ላይ ብራያን ክራንስተን ሲናገር መስማት ሌላ ደስታ ነው። መጀመሪያ ተከታታዩን የሚያስተላልፈው ቻናል ኤኤምሲ ዋልተርን እንዲጫወት እሱን አልፈለገውም ነበር፣ ኮሜዲ ላይ የአባት ሚና ሲጫወት ነው የሚያውቁት። ጊሊጋን ግን በ1998 ኤክስ ፋይልስ ላይ በጻፈው አንድ ክፍል አብረው ሰርተው ነበር፣ ያንን አሳይቶ ነው ያሳመናቸው። ክራንስተን ደግሞ ገጸ ባህሪውን ከውጭ ወደ ውስጥ ነው የሰራው፣ ክብደት ልጨምር፣ ፊቴ ይገርጣ፣ ልብሴ ከግድግዳው ጋር ይመሳሰል፣ ጺሜ ደግሞ ጺም ለመሆን እንኳን ያልደፈረ ይሁን አለ። ስራው ላይ ያለ ሰው በዚህ ልክ ትንንሽ ነገር ላይ ሲጨነቅ ደስ ይላል።

ቀርቦ ማየት የሚገባው አንድ ትዕይንት ልጥቀስ፣ መጨረሻው አካባቢ ዋልተር ልጁን ሆሊን ይዟት የጠፋበት፣ ሞይራ ዋሊ ቤኬት የጻፈችው ራያን ጆንሰን ዳይሬክት ያደረገው ክፍል። የሕዝብ መጸዳጃ ቤት ውስጥ ዳይፐር እየቀየረላት ሕፃኗ "ማማ፣ ማማ" ትላለች። ስክሪፕት ላይ የለም! የሕፃኗ እውነተኛ እናት ከካሜራው ውጪ ቆማ ስለነበር ልጅቷ እሷን አይታ ነው የተጣራችው። ሌላ ተዋናይ ቢሆን ቆመን እንደገና እንጀምር ይል ነበር፣ ክራንስተን ግን ከገጸ ባህሪው ሳይወጣ ቀጠለ፣ ፊቱ ላይ የሚሆነውን እዩት፣ ልጅቷን ለእናቷ መመለስ እንዳለበት የሚገባው እዛች ጋ ነው። እንግዲህ አንድ ሕፃን፣ አንዲት እናት፣ አንድ ንቁ ተዋናይ፣ ሳይቆርጥ የቆየ ካሜራማን፣ ያንን ቀረጻ የመረጠ ኤዲተር፣ ከነዚህ አንዱ ቢጎድል ያ ቅጽበት የለም።

የጋስ ሞት ላይም እንዲሁ ነው። በ4ኛው ሲዝን መጨረሻ ከፍንዳታው ወጥቶ ክራቫቱን ሲያስተካክል ግማሽ ፊቱ የለም፣ ያንን ለመስራት በሜካፕና በኮምፒውተር የተሰራውን አዋህደው፣ እዛው ኤኤምሲ ላይ የሚተላለፈውን የዞምቢ ተከታታይ ሜካፕ የሚሰሩት ሰዎች እንዲያግዙ አድርገው ነው። ክራቫቷን ማስተካከል ግን የተዋናዩ እጅ ናት፣ እና ሰው የሚያስታውሰው እሷን ነው።

ስለ አና ገን ሳላነሳ ማለፍ አልፈልግም። የዋልተርን ሚስት ስካይለርን ስለተጫወተች ብቻ የደረሰባትን ስድብ ታውቁታላችሁ። በ2013 ኒው ዮርክ ታይምስ ላይ ራሷ ጽፋበታለች፣ ለገጸ ባህሪዋ የነበረው ጥላቻ ወደሷ ወደ ሰውየዋ እንደተሻገረ። ባሏ ሜት የሚያበስል፣ ሰው የሚገድል፣ እሷ ግን የምትጠላው ለምን ዋሸኸኝ ስላለች ነው። እኛም ሀገር ክፉ ሆኖ የተጫወተ ተዋናይ ታክሲ ውስጥ፣ ገበያ ላይ ምን እንደሚባል የምታውቁ ታውቃላችሁ። ከስራው ጀርባ ያለውን ሰው ድምፅ ሰዓታት ሙሉ ከሰማህ በኋላ እንደዛ ብሎ መሳደብ አይቻልም፣ ለኔ የዚህ ፖድካስት ትልቁ ጥቅም ምናልባት ይሄ ነው።

የፒዛው ነገርም እዚህ ፖድካስት ላይ ነው የመጣው። ዋልተር ተናዶ ፒዛ ጣራ ላይ የሚወረውርበትን ክራንስተን በመጀመሪያው ሙከራ ነው ያሳካው፣ ሁሉም ሰው በቦታው ጮኋል። ችግሩ ቤቱ የእውነት ሰው የሚኖርበት ቤት ነው፣ አድናቂ ነን የሚሉ ሰዎች እየሄዱ ጣራው ላይ ፒዛ መወርወር ጀመሩ። በ2015 ጊሊጋን ቤተር ኮል ሶል ኢንሳይደር ላይ ሆኖ በቀጥታ ለመናቸው፣ የሚኖሩበት ሴትዮ ደግ ሰው ናቸው፣ ፒዛ መወርወር አያስቅም፣ አዲስ ነገርም አይደለም፣ ተዉ አለ። ጆናታን ባንክስም አብሮት ነበርና በማይክ ድምፅ እከታተላችኋለሁ ብሎ አስፈራራ። ሰሪዎቹ ስራቸው የሌላ ሰው ኑሮ ላይ ያመጣውን ጣጣ በኃላፊነት ሲያነሱት ደስ ብሎኛል።

ቤተር ኮል ሶል ላይ ከኬሊ ጋር ክሪስ ማካሌብ አብሮ ይመራል፣ እሱም ኤዲተር ነው። እዚህ ጋ ፒተር ጉልድም በብዛት አለ፣ ሶል ጉድማን መጀመሪያ የተፈጠረበትን ክፍል የጻፈው እሱ ስለሆነ ወሬው ላይ ሥር አለው። የዚህኛው ፖድካስት ከበፊቱ ይረዝማል፣ ዘና ያለም ነው። ቦብ ኦደንከርክ፣ ሪያ ሲሆርንና ፓትሪክ ፋቢያን አልበከርኪ ውስጥ አንድ ቤት ተጋርተው ነበር የሚኖሩት፣ ማታ ማታ ወጥ ቤት ውስጥ ቃለ ተውኔት ይለማመዳሉ፣ እና በ2021 ሐምሌ ላይ ኦደንከርክ ቀረጻ ቦታ ልቡ ቆማ ሲወድቅ አጠገቡ የነበሩት እነዚሁ ሁለቱ ናቸው። በኤሌክትሪክ ደጋግመው መትተው ነው የመለሱት። ከሳምንታት በኋላ ተመልሶ ያንኑ ትዕይንት ጨረሰው፣ በ6ኛው ሲዝን ላሎ የሚባለው ነፍሰ ገዳይ አፓርታማው ውስጥ የሚገባበትን። ያንን ትዕይንት ስታዩ ግማሹ ሰውየው ከመውደቁ በፊት ግማሹ ከተነሳ በኋላ የተቀረጸ መሆኑን አስቡት። ተከታታዩ 53 ጊዜ ለኤሚ ታጭቶ አንድም አላሸነፈም፣ ለኔ እስከዛሬ የሚያናድደኝ ነገር ነው።

ድክመቱን ካነሳን፣ አንደኛ እንግሊዝኛው ፈጣን ነው፣ እየተደራረቡ ያወራሉ፣ ጆሯችሁ ካልለመደ መጀመሪያ ላይ ይከብዳል። ሁለተኛ ሳቅ ይበዛል፣ እርስ በርስ በቅጽል ስም ስለሚጠራሩ ማን ማን እንደሆነ ለመለየት ጥቂት ክፍል ይፈልጋል። ለሰራተኞቹ ሁሉ ምስጋና ሲያደርሱ ደግሞ ደቂቃዎች ይሄዳሉ፣ አንዳንዱ ያልፈዋል፣ እኔ አላልፈውም፣ ሾፌሩንም ምግብ የሚያቀርበውንም ስም ጠርተው ነው የሚያመሰግኑት። ሦስተኛ 1ኛው ሲዝን የለውም፣ ይሄ ያሳዝናል፣ የመጀመሪያውን ክፍል ገና ትዝታው ትኩስ ሆኖ ቢያወሩት እንዴት ጥሩ ነበር።

ዋጋው ነፃ ነው፣ ማንኛውም የፖድካስት አፕ ላይ ታገኙታላችሁ። ድምፅ ብቻ ስለሆነ ዳታ አይበላም፣ ዋይፋይ ያለበት አውርዳችሁ ታክሲ ሰልፍ ላይ መስማት ነው፣ እኔ ብዙውን የሰማሁት ሬንደር፣ ማለትም ኮምፒውተሩ የተዘጋጀውን ቪዲዮ የሚያወጣበት ስራ፣ እስኪያልቅ ስጠብቅ ነው። ከየት ልጀምር ለሚል ሰው ከ3ኛው ሲዝን ጀምር እላለሁ፣ ያኔ ሰዎቹም ማይኩን ለምደውታል። ክፍሉን እዩ፣ ከዛ በማግስቱ ፖድካስቱን ስሙ፣ ከዛ ክፍሉን ደግማችሁ እዩ። ስልችት ካላችሁ የዝንቧንና የሆሊን ክፍል ብቻ ስሙ፣ እነሱ ይበቋችኋል። ከ10 ስንት ትሰጠዋለህ ካላችሁኝ 9፣ አንዷን የቀነስኩት ለ1ኛው ሲዝን ነው።

ይሄን ሁሉ ስሰማ ግን አንድ ሀሳብ አይለቀኝም። ሰው ለሰው ሲተላለፍ እኮ መንገድ ጭር ይል ነበር፣ አበበ ባልቻ አስናቀን ሲጫወት ያላየ ማን አለ? ቤቶችን ያላየ ቤተሰብስ? የነዚህ ስራዎች ተዋናዮች አልፎ አልፎ ቲቪ ላይ ይቀርባሉ፣ ስለ ትዳራቸውና ስለ ልጅነታቸው ይጠየቃሉ፣ እሱም ጥሩ ነው። ግን ያቺን ትዕይንት ስንት ጊዜ ደገማችኋት፣ መብራት ሲጠፋ ምን አደረጋችሁ፣ ያ ገጸ ባህሪ ለምን በድንገት ጠፋ፣ ስክሪፕቱ መቼ ነበር የሚደርሳችሁ ብሎ አንድ በአንድ፣ ክፍል በክፍል የሚጠይቃቸው ሰው እፈልጋለሁ። ካሜራማኖቹ፣ ድምፅ የሚይዙት ልጆች፣ ኤዲተሮቹ አሁንም እዚሁ ከተማ አሉ፣ አንዳንዶቹ ሌላ ስራ ገብተዋል፣ የሰሩትን ግን አልረሱትም፣ ቡና ላይ ስታገኛቸው ያወሩታል። 2 ማይክና ጸጥ ያለ ክፍል ነው የሚያስፈልገው። እንዲህ ያለ ነገር የጀመረ ወይም ሊጀምር የሚያስብ ካለ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፣ ኤዲቱን በነፃ እሰራለሁ፣ የመጀመሪያዎቹን እንግዶችም አብሬ እፈልጋለሁ።